ሞራ ገላጩ ቀበሮ

አንድ ጊዜ በአንድ ሸለቆ ሰኔ አልፎ ሐምሌ ሲጋመስ ጠብታ ዝናብ ሳይወርድ ቀረ። ሣሩ ከሥሩ ደረቀ። ኩሬው ጭቃ ሆነ። ከሸለቆው የሚያወጡት መንገዶች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ሽቅብ ወደ ደጋው፣ አንዱ ቁልቁል ወደ ወንዙ። ውሃና ሣር ያለው በየትኛው በኩል እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ይሄኔ ቀበሮ ብቅ አለና ሞራ ገላጭ ነኝ አለ። «ግልገል ይታረድ። ሆዱን የሸፈነውን ሞራ ፀሐይ ላይ ዘርግቼ መንገዱን አነብላችኋለሁ» አላቸው። አራጁ ጅብ ሆነ። ሥጋው የአራጁ፣ ጉበቱ የአንባቢው ነው ተባለ።

በግ ሁለት ግልገሎች ነበሯት። የመጀመሪያውን እያለቀሰች ሰጠች። አህያ ውርንጭላዋን አስጠግታ ዳር ቆማ አየች። ቀበሮ ሞራውን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ጭጋግ ለብሷል። መንገድስ አለ፤ ግን አልጠራም። ሌላ ያስፈልጋል።»

በሳምንቱ ሁለተኛው ታረደ። አህያ አሁንም ዳር ቆማ አየች። ቀበሮ በዚህኛው ጊዜ «ብዙ ዓይን ካየው ይደበዝዛል» ብሎ ሞራውን ይዞ ከጅብ ጋር ዋሻ ገባ። ሲወጣ «ግማሹ ታይቶኛል» አለ።

በሦስተኛው ሳምንት ሁሉም ኩሬው ዳር ተሰበሰቡ። በግ የምትሰጠው አልቀራትም። ጅብ ውርንጭላዋን እያየ ምራቁን ዋጠ።

«የአህያ ሞራ ይሻላል» አለ።

አህያ ጆሮዋን አቆመች። «የአህያ ሞራ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚገለጠው?»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «እመት አህያ፣ ለሁላችንም ሲባል ነው። ነገን ሳናውቅ ብንወጣ እናልቃለን። የግልገሎቹ ሞራ እንደሆነ ግማሹን ብቻ ነው ያሳየኝ።»

«ኧረ ምኑን አየኸው!» አለ ጅብ እየሳቀ። «የሁለተኛውን ሞራ ገና ትኩሱን እኔው አይደለሁ እንዴ የዋጥኩት? የውርንጭላዋን ግን አንብበህ እስክትጨርስ እታገሣለሁ፤ ቃሌ ነው።»

ቀበሮ እግሩን ረገጠው።

«ምን ትረግጠኛለህ!» ብሎ ጮኸ ጅብ።

«ሳያነበው?» አለች በግ ቀስ ብላ። «ልጄን ሳያነበው?»

የአህያ ደም ፈላ። ዞራ በኋላ እግሮቿ ጅብን ጭቃው ውስጥ ዘፈቀችው። ሁለተኛው ርግጫ የቀበሮን ጎን አገኘው።

«አለቃ! ነገን የሚያዩት እርስዎ፣ ይቺን ርግጫ እንዴት ሳያዩዋት ቀሩ?» አለችው አህያ።

ቀበሮ እያነከሰ ሸሸ። ጅብም ከጭቃው ወጥቶ ተከተለው።

በግ ግን ደስ አላላትም። አህያን ዓይን ዓይኗን አየቻት። «አንቺ አህያ፣ የኔዎቹ ሲታረዱ ይህ እግርሽ የት ነበር?»

አህያ አንገቷን ደፋች።

በግ ወደ ሁለቱ መንገዶች ዞራ ጠየቀች። «እሺ፣ አሁን በየት ነው የሚኬደው?»

«አላውቅም!» አለች አህያ በቁጣ። «ማንም አያውቅም! አለማወቃችንን አይተው ነው የበሉን። እኔ ልጄን ይዤ ሽቅብ እወጣለሁ።»

«ውሃ ባይኖርስ?»

«እመለስና ቁልቁሉን እሞክራለሁ። ከተሳሳትኩበት መንገድ መመለስ እችላለሁ። የታረደ ልጅ ግን በየትም በኩል አይመለስም።»

በግ ልጆቿ የታረዱበትን ድንጋይ አንዴ አየችና ተከተለቻት። ዳገቱን በዚያው ቀን ጀመሩት። ከላይ ውሃ ይኑር አይኑር ገና አላወቁም ነበር።

ከዚህ የምንማረው የነገን መንገድ ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ እንደሌለ፣ አውቅላችኋለሁ እያለ የሌላውን ልጅ የሚያሳርደውንም፣ ቢላው ገና ጎረቤታችን ደጅ ሳለ መከልከል እንዳለብን ነው።