ሁለት ስንዝር መሬት

አንድ ሰው ነበረ። ሌባ አይደለም፤ ሰካራም አይደለም። ጾም የማይገድፍ፣ ከቅዳሴ የማይቀር፣ እናንተን የመሰለ ሰው።

ይህ ሰው ጎረቤት ነበረው፤ አቶ ይመኑ የሚባሉ፣ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ልጅ ያልወለዱ። ሰውዬው ወንድ ልጅ ሲወለድለት ክርስትና ያነሱለት እሳቸው ናቸው፤ ልጁ መልአኩ ተባለ። በሁለቱ ግቢ መካከል የቅንጭብ አጥር ነበር፤ በአጥሩ ላይ ደግሞ መልአኩ እየሾለከ ያሰፋው ቀዳዳ። ልጁ ምሳውን አባቱ ቤት፣ እራቱን ክርስትና አባቱ ቤት ይበላል። ዛሬ የት አደርክ ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ትሉ የለ? እነሱም እንደዚያ ሆነው ከሃያ ዓመት በላይ ኖሩ።

ኋላ ይዞታ ይመዝገብ ተባለና ለኪዎች ወደ ሰፈሩ መጡ። ሜትሩ ተዘረጋ፤ ካርታው ተገለጠ። ለካስ ቅንጭቡ ሲተከል ጀምሮ ጠማማ ነበር፤ የአቶ ይመኑ ማድ ቤት ሁለት ስንዝር ያህል ወደ ሰውዬው ግቢ ገብቷል።

ልብ በሉ፣ ወገኖቼ። ሰውዬው ዋሸ አላልኩም። መሬቱ የእሱ ነበር። ካርታውም፣ ሕጉም፣ ለኪውም ከእሱ ጋር ነበሩ። ይህን የማወራችሁም ለዚሁ ነው፤ የቀማኛ ታሪክ ቢሆን እናንተን መች ይነካችሁ ነበር?

አቶ ይመኑ ሲሰሙ ደነገጡ። "እኔ ምን አውቄ፣ ቅንጭቡን ተከትዬ ነው የሠራሁት። ለኔና ለባለቤቴ የቀረን ዕድሜ ስንት ነው? እስክንሞት ግድግዳው ይቁምልን። ከዚያ በኋላ ቤቱም ግቢውም የመልአኩ ነው" አሉት።

ሰማችሁ? ግቢው በሙሉ ለልጁ ሊሆን ነው። ሰውዬው ግን "የኔን መሬት ለኔ ልጅ ሊያወርሱልኝ ነው?" ብሎ ተቆጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ካርታውን በክላሰር አድርጎ በሄደበት ሁሉ ይዞት ይዞር ጀመር፤ ለቅሶ ቤት እንኳ አውጥቶ ያሳይ ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎች መጡ። አቶ ይመኑ ከፊት ይሄዳሉ። ምን ይዘው መሰላችሁ? ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ድንጋይ የሚሸከም ከባድ በደል የበደለ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ ለአንዲት የጭቃ ግድግዳ ሲሉ፣ እንደ ነፍሰ ገዳይ ድንጋይ ተሸክመው ከአበልጃቸው ደጅ ቆሙ። "ስለ ልጃችን ስትል ማረኝ" አሉት።

ወጉስ ምን ይላል? የቤቱ ጌታ ፈጥኖ ይነሳል፤ ድንጋዩን ያወርዳል፤ ይሳሳማሉ። ሰውዬው አልተነሳም። ዕድሜውን ሙሉ አንቱ ሲላቸው የኖረውን ሰው ከወንበሩ ላይ ሆኖ አያቸውና "ድንጋዩን ከየት ነው ያነሳኸው? ከኔ በኩል ከሆነ መልሰህ አስቀምጠው" አላቸው።

አፈር በበላሁ፤ እንዲህ ይባላል? ሽማግሌዎቹ የሚገቡበት ጠፋቸው። የእድሩ ዳኛ ድንጋዩን ራሳቸው አወረዱላቸውና ክንዳቸውን ይዘው ወሰዷቸው። መልአኩ በረንዳው ላይ ቆሞ ሁሉን አይቷል። ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎልማሳ ነው።

ፍርድ ቤቱ በካርታው ፈረደ፤ ምን ያድርግ? ማድ ቤቱ ይፍረስ ተባለ። የጣሪያውን ቆርቆሮ የነቀለው መልአኩ ነው፤ ክርስትና አባቱ ከታች ሆነው ሚስማር ይለቅሙ ነበር። ሰውዬው ቅንጭቡን መንጥሮ የብሎኬት አጥር አቆመ፤ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተከለበት። ያቺ ሁለት ስንዝርስ? ምን ዘራባት? ምን ሠራባት? ምንም። አጥሩ ፀሐይ ከልክሏታል። አረም በቀለባት፤ አሮጌ ጎማ ተጣለባት።

ሁለት ዓመት አለፈ። መልአኩ ሊያገባ ሆነ፤ ሰርጉ ለግንቦት ተቆረጠ። ያን ጊዜ አባቱን "አባዬ፣ የጋሼ ይመኑን ጉልበት ሳልስም ሙሽራ አልሆንም። እሳቸው ደግሞ ሳትታረቁ እዚህ ግቢ አይገቡም። ሂድና ይቅርታ ጠይቃቸው" አለው።

ሰውዬው ልቡ ተነካ። እውነቱን እንናገር፣ ናፍቀውትም ነበር። ሽማግሌ ልላክ ብሎ ወደ እድሩ ዳኛ ሄደ። ዳኛው "እኛማ አንተ ደጅ ቆመን የሆነውን አይተናል። ይሄ በራስህ እግር የሚኬድ ነው" አሉት።

በራሱ እግር። ድሮ በቀዳዳው ሦስት እርምጃ ነበር፤ አሁን በዋናው መንገድ መዞር ነው፤ ቢሆንስ አምስት ደቂቃ ይሞላል? ሚስቱ "ሂድ እንጂ፣ ባሕር ማዶ አይደለም" ትለዋለች። ሰኞ እሄዳለሁ አለ። ሰኞ ሲደርስ መንገዱ ላይ ሰው ይበዛል አለ። ረቡዕ ተላጨ፣ ጋቢውን ደረበ፣ እበራቸው ድረስ ሄደ፤ "ምን ብዬ ነው የምጀምረው?" ብሎ ተመለሰ። እንግዲህ ቅዳሜን ማን ይከለክለኛል አለ።

ዓርብ ማለዳ ከአጥሩ ማዶ የአቶ ይመኑ ባለቤት የወይዘሮ ጌጤነሽ ጩኸት ተሰማ። ሽማግሌው በተኙበት አርፈዋል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሰውዬው ቀብሩ ላይ ከሁሉ ኋላ ቆሞ አለቀሰ። እዬዬ ብሎ አለቀሰ፤ ግን ከማን ጋር ይታረቅ? ከቀብር መልስ ተከትሎ ወደ ድንኳኑ ገባ። ሴቶቹ ማድ ቤት ስለሌለ ሜዳ ላይ፣ ሸራ ወጥረው፣ ንፍሮ ይቀቅላሉ። ድንኳኑ ውስጥ ከወይዘሮ ጌጤነሽ ጎን፣ ልጅ በሚቀመጥበት ቦታ፣ መልአኩ ተቀምጧል። ጸጉሩን ተላጭቷል። ሰርጉን አራዝሞ ሐዘን ተቀምጧል። ሰው በተራ እየቀረበ ያጽናናዋል።

ወላጅ አባቱም ተራ ያዘ። ምን ያድርግ? ከፊቱም ሰው አለ፣ ከኋላውም ሰው አለ። ደረሰው። የገዛ ልጁን፣ የአብራኩን ክፋይ፣ እንደ ማንም የሰፈር ሰው ጎንበስ ብሎ "እግዜር ያጥናህ" አለው።

መልአኩ ቀና ብሎ አየው። "እግዜር ይስጥልኝ" አለ። አባዬ አላለውም። ከዚያ ለሚቀጥለው ሰው እጁን ዘረጋ።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ክርክሩን አሸንፎ የለ? ታዲያ ምን አገኘ? በደለኛማ ይደነግጣል፤ ደንግጦም ይታረቃል። የሚያስቸግረን እውነት የያዘው ሰው ነው። በእናታችሁ ቤት የተነሳ ከእህታችሁ ጋር የተኳረፋችሁ፣ በውኃ መውረጃ የተነሳ ከጎረቤታችሁ ጋር እግዜር ይማርህ የማትባባሉ፣ እውነት አላችሁ፤ እሺ፣ አላችሁ። ምን ልታደርጉበት ነው? እስከ መቼ ተሸክማችሁት ልትዞሩ ነው?

ፊታችሁን እያየሁ ነው። አሁን፣ እኔ ስናገር፣ የአንድ ሰው ስም ትዝ ያላችሁ አላችሁ። ወደዚያ ሰው ሂዱ። ዛሬ፣ ከዚህ እንደወጣችሁ፣ ምሳችሁ ይቆይ። ምን ብዬ ልጀምር አትበሉ፤ ደጁን አንኳኩ፣ ሲከፈት ቃሉ ይመጣል። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ይዩአችሁ። አባትነትም እንደ መሬት በወረቀት የሚጸና የሚመስለው ካለ፣ ሄዶ ያንን ባለ ካርታ ሰው ይጠይቀው።