የዶክተር አስናቀው ጥናቶች

ዶክተር አስናቀው ከራሳቸው ጥናት ሌላ ጥናት ያለ የማይመስላቸው ሰው ነበሩ። አንዲት የማስተርስ ተማሪያቸውን ጠርተው፣ «የንባብ ክፍሉን ጥናቶች በሙሉ አደራጂ። የኔን ግን ከሰው እጅ የማይለዩበት ቦታ አስቀምጪልኝ። አለዚያ መመረቂያሽ ላይ ፊርማዬን አታገኚም!» አሏት።

በማግስቱ መጥተው ቢያዩ የሌላው ሰው ጥናት ሁሉ መደርደሪያው ላይ በፊደል ተራ ተሰድሯል። የእሳቸው አንድም የለም።

«የኔስ የት ገባ?» ብለው ጮኹ።

«እንዳዘዙኝ አድርጌያለሁ፣ ዶክተር። በር ላይ ኦቾሎኒ በወረቀት እየጠቀለለች ለምትሸጠው ሴትዮ ሰጥቻታለሁ። እዚህ አቧራ ብቻ ነበር የሚያነባቸው፤ ከትናንት ወዲህ ግን ከሰው እጅ አልተለዩም። ደግሞም ለመጀመሪያ ጊዜ ውስጣቸው የሚረባ ነገር ተገኘ።»