ከግድግዳው ያልተላቀቀው ዓምድ

በላስታ ተራሮች መካከል ጥርብ አምባ የሚባል መንደር አለ። በመንደሩ ካለው ከአንድ ወጥ አለት ከተፈለፈለው የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አሥራ ሁለት ዓምዶች ይቆጠራሉ፤ አሥራ አንዱ ዙሪያቸውን ተጠርበው ለየብቻቸው ቆመዋል፣ በምዕራቡ በር አጠገብ ያለው አሥራ ሁለተኛው ግን ግማሽ ጎኑ ከግድግዳው ጋር እንደ ተያያዘ ቀርቷል። ከሩቅ አገር የሚመጡ ጎብኚዎች የጣራውን ስፋትና የመስኮቶቹን ቅርጽ አይተው ይደነቃሉ፣ ይህን ዓምድ ሲያዩ ደግሞ ሠሪዎቹ ሰልችቷቸው የተዉት ይመስላቸዋል። የመንደሩ ሰው ግን ጫማውን አውልቆ ሲገባ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እርሱ ነው፤ ከሥሩ ቁጭ ብሎ ጀርባውን ያስደግፍና፣ ጸሎቱን የሚጀምረው ጥቂት ካረፈ በኋላ ነው።

ሽማግሌዎች እንደሚናገሩት አለቱ መፈልፈል ሲጀመር የጠራቢዎቹ አለቃ ዘወንጌል ገና ጎረምሳ ነበረ፤ ሥራው ሊያልቅ ሲቃረብ ጢሙ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ ነበር። እንዲህ ያለ ቤት እንደ ሌላው ከመሠረት ተነሥቶ ወደ ላይ አይሠራም፤ ከጣራው ተጀምሮ ወደ ታች ይወረዳል፣ አንድ ጊዜ በመሮ ተመትቶ የወደቀ ድንጋይም ወደ ቦታው አይመለስም። ስለዚህ ጠራቢዎቹ ድንጋዩን እንደ ጌታ ይፈሩት ነበር ይባላል። ሥራው ላላለቀ ድንጋይ ጀርባ መስጠት ነውር ነበር፤ ሲያርፉ ፊታቸውን ወደ እርሱ አዙረው ይቀመጣሉ፣ ሲወጡም ወደ ኋላ እየተራመዱ ይወጣሉ።

የዘወንጌል ሚስት ወለተ ሰንበት ትባል ነበር። እርሷና ሌሎች ሴቶች ወንዶቹ የሚጥሉትን ስብርባሪ ድንጋይ በእንቅብ እየሞሉ ገደል አፋፍ ድረስ ወስደው ይደፉ ነበር። ወንዶቹ የሠሩት ሁሉ ይታያል፤ የሴቶቹ ሥራ ግን አሁን በዚያ የሌለው ድንጋይ ነውና ማንም አያየውም። ወለተ ሰንበት ሃያ ሦስት ዓመት እንዲሁ ተመላለሰች፣ ሁለት ልጆችም በዚያው ምልልስ መካከል ወልዳ አሳደገች።

ለኅዳር ሚካኤል ስምንት ቀን ሲቀር አሥራ ሁለተኛውን ዓምድ ከግድግዳው ማላቀቅ ብቻ ቀረ። ቄሱ አባ ክፍለ ማርያም ታቦቱ በዚያ ቀን እንደሚገባ ለየደብሩ መልእክት ልከው ነበር። ዘወንጌልም ለበዓሉ ካልደረስሁ ከዚያ ወዲያ መሮ አልይዝም ብሎ በሕዝብ ፊት ምሎ ስለነበር፣ ራሱም አላረፈም፣ ሌላውንም አላሳረፈም።

አንድ ጠዋት ወለተ ሰንበት እንቅቧን ሞልታ ልታነሣ ስትል ጉልበቷ እምቢ አላት። እንቅቡን መልሳ አስቀመጠችና፣ እዚያው ቁጭ ብላ ጀርባዋን ላልተላቀቀው ዓምድ ሰጠች። አንዷ ሴት፣ «እዩልኝ እስቲ፣ የአለቃው ሚስት እመቤት ሆነች፤ ዙፋንም ተጠርቦላታል» አለችና ሴቶቹ ሳቁ። ወንዶቹ ግን አልሳቁም፤ መዶሻው ሁሉ ዝም አለ።

ዘወንጌል መጣ። «ተነሺ፤ ጀርባሽን ሰጠሽው እኮ።»

«ፊቴን ሃያ ሦስት ዓመት አይቶታል» አለች። «ጀርባዬንም ይወቀው።»

እርሱም ተቆጥቶ፣ እርሷን ትተው ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ሰዎቹን አዘዘ። አንዱ ጠራቢ ዓምዱን በሌላው ጎኑ ሲመታ ግን ወለተ ሰንበት ድንጋዩ በጀርባዋ ላይ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት።

«ተው፣ አታስመታው» አለች። «ይህም እንደ እኔ ጉልበቱ ከድቶታል።»

ዘወንጌል ላለመነሣት ሰበብ የምትፈልግ መስሎት ይህንኑ ነገራት። እርሷም ሰበብ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ከፈለገ አጠገቧ ተቀምጦ እንዲያየው መለሰችለት። በሰዎቹ ፊት ጀርባውን ለድንጋይ ቢሰጥ አለቅነቱ ያበቃል፤ እውነቷን ሆኖ ሳይሰማት ቢያስጠርበው ደግሞ ጣራው በበዓሉ ቀን በሕዝቡ ላይ ነው የሚወርደው። ብዙ ቆመ ይባላል። ከዚያ እጁን መሬት ላይ አስደግፎ፣ እንደሚያመው ሰው ቀስ ብሎ ተቀመጠና ተደገፈ፣ ጠራቢውንም አንዴ ብቻ፣ በቀስታ እንዲመታ አዘዘው።

ድንጋዩ እንደ ብርድ የያዘው ሰው ተንቀጠቀጠ፤ ከጣራውም ጥቂት አቧራ ወርዶ ጢሙ ላይ አረፈ። ፊቱን ብቻ ሲያይ በኖረው አለት ውስጥ፣ ከዓምዱ ተነሥቶ ወደ ጣራው የሚሄድ ስንጥቅ ነበረ።

ዘወንጌል ወደ ሚስቱ ዞረ። «ከደከመሽ ስንት ቀን ሆነሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«በቀን አልቆጠርሁትም» አለች።

እርሱም መሮውን መሬት ላይ አኖረ፤ ሰዎቹም የያዙትን አኖሩ። ታቦቱ ዓምዱ እንዲያ ሳለ ገባ። አባ ክፍለ ማርያም ስለ ጉድለቱ አጉረምርመው ነበር፣ ነገር ግን ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው ስላደሩ ሲነጋ እርሳቸውም ሄደው ተደገፉ ይባላል። ዘወንጌል እንደ ማለው ከዚያ በኋላ መሮ አልያዘም።

ዛሬ ያ ዓምድ ተቀምጣ የምትደገፍ የአንዲት አጭር ሴት ጀርባ በሚደርስበት ቁመት ላይ ጎድጉዶ ለስልሷል፤ እኔም ተደግፌው አውቃለሁ፣ ይቀዘቅዛል። ከአጠገቡ አንድ እንቅብ የሚሞላ ስብርባሪ ድንጋይ ተከምሯል። እንቅቡ ከበሰበሰ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ቤቱ ሲጠረግ ሴቶቹ እዚያ ሲደርሱ ዙሪያውን ብቻ ጠርገው ያልፋሉ። ለምን እንደማያወጡት ሰው የጠየቃቸው እንደሆነ፣ «ደክሟት ነው፤ ስታርፍ ታወጣዋለች» ይላሉ።