አንድ ክር ያልጎደለው አረም

አንዲት ሴት ነበረች። የምትኖረው ድሬዳዋ ነው። ጎረቤቷ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ትንሽ ባሕር ያኖሩ ነበር።

ጎረቤቷ መምህር ደምሰው ይባላሉ፤ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ የባዮሎጂ አስተማሪ ናቸው። በገንዳቸው ውስጥ ከጅቡቲ ያመጧቸው ሦስት ኮራሎች አሉ። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፤ ግን ሕይወት አለው። ሲመቸው እንደ ጣት ያሉ ለስላሳ አካላቱን ይዘረጋል፤ ሲከፋው ይሰበስባቸዋል። መምህሩ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀዋቸዋል።

ባሕር በሌለበት አገር ባሕር ማኖር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ውሃው የሚቀዳው ከግቢው ጉድጓድ ነው። ለዓይን የጠራ ነው፤ ነገር ግን ኮራል የማይችለው፣ የማይታይ እድፍ ሟሙቶበታል። ስለዚህ መምህሩ ውሃውን በባሕር ጨው በጥብጠው በአንድ በርሜል ያቆዩታል። በበርሜሉ ውስጥ የተፈታ የክር ልቃቂት የሚመስል አረንጓዴ የባሕር አረም አለ፤ ከላዩ አምፖል ይበራበታል። አረሙ እድፉን እየመጠጠ ያድጋል፤ ውሃው ይጠራል። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ባልዲ ከገንዳው ይወጣል፣ አንድ ባልዲ ከበርሜሉ ይገባል።

መምህሩ ታመሙ። ለቀዶ ጥገና አዲስ አበባ መሄድ ነበረባቸው። የቤታቸውን ቁልፍ ለዚህች ሴት ሰጧት።

«ልጄ፣ አደራሽን» አሏት። «ቅዳሜ ውሃውን ለውጪ። ከዚያ በፊት የአረሙን ግማሽ በመቀስ ቆርጠሽ ጣዪ። ሌላ ሥራ የለውም።»

«ይሄማ ምን ችግር አለው ጋሼ። እርስዎ ብቻ ድነው ይምጡ።»

የመጀመሪያው ቅዳሜ ደረሰ። መቀሱን ይዛ በርሜሉ ላይ ጎንበስ አለች። እስቲ እናንተን ልጠይቃችሁ። ሰው አደራ ብሎ የሄደውን ነገር በመቀስ ትቆርጣላችሁ? እኛ አደራ ሲሰጠን ከቻልን አብዝተን፣ ካልቻልን እንዳለ እንመልሳለን። አጉድሎ መመለስ ነውር ነው። ደግሞም አሰበችው፦ ውሃውን የሚያጠራው አረሙ ከሆነ፣ አረሙ ሲበዛ ውሃው የባሰ ይጠራ የለም እንዴ?

መቀሱን መልሳ አስቀመጠችው።

አራት ቅዳሜ አለፈ። አረሙ በርሜሉን ሞላው። እትዬ ዘነበወርቅ የምትባል ጎረቤት ልታይ ገባችና ሳቀች።

«ምን እየቀለብሽው ነው? ባልሽን እንዲህ ብትቀልቢው ኖሮ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ባልበሳ ነበር።»

«የሰው አደራ ነው እትዬ። አንድ ክር አላጎደልኩበትም።»

በአምስተኛው ቅዳሜ ጠዋት ኮራሎቹ አልተዘረጉም። ቀትር ላይ ተመልሳ አየቻቸው። አሥር ሰዓት ላይም አየቻቸው። እንደተሰበሰቡ ናቸው። ምን ታድርግ? የጠራ ውሃ ይጠቅማቸዋል ብላ ከበርሜሉ አንድ ባልዲ ጨመረችላቸው። ሰኞ ዕለት ሌላ ባልዲ ጨመረች። በማግሥቱ አንደኛው ኮራል ከጫፉ ነጣ።

በዚያው ማክሰኞ መምህሩ ደወሉ። ወረፋቸው ደርሶ ቀዶ ጥገናው ለሐሙስ ተቀጥሯል።

«ባሕሬ እንዴት ናት?» አሏት።

«ደህና ናት፤ ምንም አልሆነች።»

ስልኩን ስትዘጋ አጠገቧ የነበረችው እትዬ ዘነበወርቅ፣ «ደግ አደረግሽ» አለቻት። «ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም። መጀመሪያ ከቀዶ ጥገናው ይውጡ።»

«ባይወጡስ?»

እትዬ ዘነበወርቅ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ሴትዮዋን ያን ቀን እህል አልበላ አላት። ብትነግራቸው፣ ደንግጠው ቢደክሙስ? ባትነግራቸው፣ የአሥራ አንድ ዓመት ድካማቸው በእጇ ላይ ሞቶ ቢቀርስ? ወዳጆቼ፣ እንዲህ ያለ ቀን ገጥሟችሁ ያውቃል? ብትናገሩ የምትገድሉ፣ ዝም ብትሉም የምትገድሉ መስሏችሁ ያውቃል?

ረቡዕ ጠዋት ደወለች።

«ጋሼ፣ ትናንት ዋሽቼዎታለሁ። ኮራሎቹ ከቅዳሜ ጀምሮ አልተዘረጉም። አንዱ ነጥቷል።»

ከወዲያ በኩል የአልጋ ጎማ ሲንኳኳ ተሰማ።

«አረሙስ?» አሉ።

«አረሙማ ሞልቷል። አንድ ክር አላጎደልኩብዎትም።»

«አልቆረጥሽውም?»

«የሰው አደራ እንዴት እቆርጣለሁ?»

«እስቲ እጅሽን እስከ በርሜሉ ወለል ድረስ አስገቢና ያገኘሽውን ንገሪኝ።»

የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ መሬት ላይ አኖረችው። እጇን አስገባች፤ ውሃው ትከሻዋ ጋ ደረሰ። ከላይ አረንጓዴ የነበረው ከታች ጥቁር ነው። ጨብጣ ስታወጣው በጣቶቿ መካከል ሟሟ። የበሰበሰ እንቁላል ሸተታት።

«በስብሷል ጋሼ።»

«አዎ። አረሙ እድፉን አያጠፋውም፤ ይይዘዋል። እድፉ የሚወጣው አንቺ አረሙን ቆርጠሽ ስታወጪው ነው። ካልወጣለት ይሞላል፤ ታች ያለው ብርሃን ያጣና ይሞታል። ያን ጊዜ የያዘውን ሁሉ መልሶ ይለቀዋል። በየባልዲው ስትሰጫቸው የቆየሽው እሱን ነው።»

ሴትዮዋ አለቀሰች።

«ማልቀሱን አስቀምጪው» አሏት፤ «ነገ ለእኔ ያስፈልግሽ ይሆናል። አሁን መቀስ አምጪ።»

አንድ ጭብጥ ጤነኛ አረም አስቀርታ የቀረውን ጣለች። በርሜሉን አጠበች፤ አዲስ ውሃ በጠበጠች። ውሃው እስኪጠራ ግን አንድ ሳምንት መጠበቅ ነበረባት። ሐሙስ ዕለት በስልኩና በመስታወቱ መካከል ተቀምጣ ዋለች። ወደ ማታ ከሐኪም ቤት ተደወለ፤ መምህሩ በደህና ወጥተዋል። መስታወቱ ውስጥ ግን ምንም አልተንቀሳቀሰም። ዓርብም፣ ቅዳሜም እንዲሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ ጠርቶ የቆየው ውሃ ከገባ በኋላ፣ አንዱ ተዘረጋ። ሌላው ከሦስት ቀን በኋላ። የነጣው እንደነጣ ቀረ።

መምህሩ ሲመለሱ በር ላይ ቆማ፣ «ሁለቱን አስረክቤዎታለሁ፤ አንዱን አጥፍቻለሁ» አለቻቸው። እሳቸውም ቁልፋቸውን ተቀብለው፣ «ተረክቤያለሁ» አሉ።

ወዳጆቼ፣ ከመካከላችሁ እንደዚያ አረም የሆናችሁ አላችሁ። በቤታችሁ የሚነገረውን ክፉ ቃል እናንተ ትውጡታላችሁ፣ ለልጆች እንዳይደርስ። የዘመዱን ቂም፣ የሥራ ቦታውን ንቀት፣ የታመመውን ሰው ምሬት እናንተ ትይዙታላችሁ። ባትይዙት የቤታችሁ ውሃ አይጠራም፤ ስለዚህ አልነቅፋችሁም። ግን ልጠይቃችሁ። የያዛችሁትን መቼ አወጣችሁት? በማን ፊት አወጣችሁት? ሰው ከላይ ሲያያችሁ አረንጓዴ ናችሁ። እጁን ወደ ታች የሰደደ አለ?

ሐዘንም እንዲሁ ነው። ስለ እሱ ብዙ አልናገርም። ሐዘናችንን አንድ ክር ሳናጎድል መያዝ ለሄደው ሰው ታማኝ መሆን ይመስለናል። ለእኛ በአደራ የተተዉት ግን በሕይወት ያሉት ናቸው፤ እነሱም በየቀኑ ከእኛ ይቀዳሉ።

ምናልባት ዛሬ ቤት ስትገቡ ከልጆቻችሁ አንዱ ተሰብስቦ ታገኙት ይሆናል። ምን ሆነህ ነው ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት፣ ያጠጣችሁትን መርምሩ። የሞተው ሁሉ ይነሣል ብዬ አላባብላችሁም፤ የነጣው አልተመለሰም። የቀሩት ግን የዳኑት አንዲት ሴት ደፍራ እውነቱን ስለተናገረች ነው።

እግዚአብሔርም ይጠይቃችኋል፤ እንዴት ናችሁ ይላችኋል። ደህና ነን ብላችሁ አትመልሱለት። እሱ ታሞ የተኛ አይደለም፤ ክፉ ወሬ አያደክመውም።