ሁለት ክረምት የተሰጠው ኮረብታ

አንድ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ላምቢሶ ይባላል። ሥራው ምን መሰላችሁ? ወታደሮች የሚሠለጥኑበትን መሬት መጠበቅ።

መሬቱ ኮረብታ ነው፤ ሃያ ዓመት ተረግጧል። ምልምል ሮጦበታል፣ ምሽግ ተቆፍሮበታል፣ ታንክ ዞሮበታል። ሣሩ አልቆ ጎርፍ ቦረቦረው። አንድ ክረምት ወታደር የጫነ መኪና ጎርፉ የቆፈረው ቦይ ውስጥ ተገለበጠና ሁለት ምልምሎች እግራቸው ተሰበረ።

የጦሩ አዛዥ የነበረው ኮሎኔል ተስፋ ቆረጠ። ይህ መሬት ሞቷል፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን የገበሬዎች ማሳ እንጠይቅ አለ። ደብዳቤው ተጻፈ። አርባ አባወራ ሊነሣ ነው።

ላምቢሶ ኮሎኔሉ ቢሮ ገብቶ ሰላምታ ሰጠ።

«ጌታዬ፣ መሬቱ አልሞተም፤ ደክሞት ነው። ሁለት ክረምት ይስጡኝ።»

«ባይሆንስ?»

«ባይሆን ደብዳቤውን እኔው አደርሳለሁ።»

ኮሎኔሉ ፈቀደለት።

ላምቢሶ ምን አደረገ? ኮረብታውን ሦስት ቦታ ከፈለ፤ አንዱ ላይ ሲሠለጠን ሁለቱ ያርፋሉ። መሬቱ ጭቃ ሲሆን ታንክ አይገባም። ምሽግ የቆፈረ ደፍኖ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እርከን ይሠራል። ምልምሎቹ አጉረመረሙ፤ የመጣነው ውጊያ ልንማር ነው ወይስ እርሻ አሉ። እሱ ግን ከፊት ሆኖ ድንጋይ ይሸከም ነበር።

በመጀመሪያው ክረምት ጎርፉ እርከኑን ጠራርጎ ወሰደው። ምልምሎቹ ሳቁበት። ላምቢሶ ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

በነጋታው አንድ ሽማግሌ ገበሬ ወንዙን ተሻግረው መጡ። ድንጋዩን አዩና፣ «ልጄ፣ መውረጃ ለውሃው አልተውክለትም» አሉት። መሬታቸው ሊወሰድ የነበረው እሳቸው፣ ሦስት ሳምንት አብረውት ቆሙ፤ አስተማሩት።

ሁለተኛው ክረምት ከመጀመሪያው ባሰ። ኮሎኔሉ ካፖርቱን ደርቦ ሊያይ ወጣ። ጎርፉ ከላይ መጣ፤ እርከኑ ጋ ደረሰ፤ ቆመ። ወገኖቼ፣ ቆመ! ከዚያም በተተወለት መውረጃ ቀስ ብሎ ወረደ።

በመስከረም ሣሩ ጉልበት ደረሰ። ኮሎኔሉ የሻለቃውን ጦር በሙሉ አሰልፎ ደብዳቤውን በሰው ፊት ቀደደ። ከዚያ እሱ፣ ኮሎኔሉ፣ ለሃምሳ አለቃው ቀድሞ ሰላምታ ሰጠ። ከወንዙ ማዶ እልልታው ቀለጠ።

እናንተስ? በየቀኑ የምትረግጡት ማንን ነው? ሳታሳርፉ የምታዝዙት፣ ዝም ስላለ የማይደክመው የሚመስላችሁ ማን ነው? ትዳሬ አለቀ የምትል ወንድሜ፣ ልጄ አይረባም የምትይ እህቴ፣ ማዶ ማዶ ከማየታችሁ በፊት ስንት ክረምት ሰጣችኋቸው?

እግዚአብሔር እኛን ስንት ዓመት ታግሦናል? ታግሦም አልከሰረም፤ ይኸው ቆመን እየዘመርን ነው።

ሳታሳርፉ የምትረግጡትን የዚያን ሰው ስም አሁን በልባችሁ ያዙ። ቤት ስትደርሱ ከሥራው አንዱን ተቀበሉትና ቁጭ ይበል። ሲያገግም በዓይናችሁ ታያላችሁ።