ገመድ የላጠው መዳፍ

አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበረ። ጥያቄሽን አልረሳሁትም፤ ኮረንቲን የሚገታው ሬዚስተር ኮረንቲው ሲያልፍበት ለምን ይሞቃል ብለሽ ጠይቀሻል። መልሱን ሳትሰሚ ግን «የጋለው ተበላሽቶ ነው» ብለሽ ከባትሪውና ከአምፖሏ መካከል ነቅለሽ በሽቦ ልትተኪው ተነስተሻል። ፒንሳውን አስቀምጪና ስሚኝ፣ መንበረ።

ቆፋሪው ታናሽ ወንድም ነበረው። ታናሽየው ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ታላቅየው ከላይ ገመድ ይለቃል። ገመዱን አፋፉ ላይ በተተከለ ግንድ ሁለት ዙር ጠምጥሞ ነው ቀስ እያለ የሚለቀው። አንድ ቀን ታናሽየው ወገቡን ታስሮ መውረድ እንደ ጀመረ ግንዱ ከሥሩ ተነቀለ። ገመዱ በታላቅየው እጅ ውስጥ ይሮጥ ጀመር። ታች ያለው ደግሞ አለት ነው።

ሰውየው አላመነታም። ተረከዙን መሬት ውስጥ ተክሎ ገመዱን በሁለት እጁ ጨመደደው። ገመዱ ባይቆምለትም ሩጫው ቀነሰ። መዳፉ መጀመሪያ ሞቀ፣ ከዚያ ጋለ፣ ከዚያ ቆዳው ተላጠ። ከማሳው እየሮጠ የሚመጣ ጎረቤት «እጅህ አለቀ፣ ልቀቀው!» እያለ ይጮህ ነበር።

«ወንድሜ ነው» አለ ሰውየው፤ አጥብቆም ያዘ። ታናሽየው አለቱ ላይ በእግሩ ቆመ።

ሰዎች ተሰብስበው እጁን ሲያዩ ክርክር ገጠሙ። አንዱ «ገመዱ ፀሐይ ላይ ውሎ ግሎ ነው» አለ። ሌላው ዐዋቂ ነኝ ባይ «የለም፣ ገመዱ እጁ ውስጥ ተበልቶ ነው እሳት የሆነው» አለ። አንድ አዛውንት ገመዱን በክንዳቸው ለኩት። ድሮም ሠላሳ ክንድ ነበር፣ አሁንም ሠላሳ ክንድ ሆነ።

«ገመዱስ አልተበላም» አሉ። «የተበላው የልጁ ውድቀት ነው።»

አንቺም እንደ እነሱ «ሬዚስተር መብራት ይበላል» ትያለሽ። ኮረንቲውን አይበላውም። በአንድ እግሩ የገባው ያው በሌላው እግሩ ይወጣል፣ ቅንጣት አይጎድልም። ተበልቶ የሚቀረው ግፊቱ ነው። ባትሪው ኮረንቲ የሚሆኑትን ጥቃቅን ኤሌክትሮኖች ይገፋል፤ እነሱም ሬዚስተሩ ውስጥ ሲያልፉ ከቁሱ ቅንጣቶች ጋር እየተላተሙ ያን ግፊት እዚያው ያራግፋሉ። የተመቱት ቅንጣቶች ይንቀጠቀጣሉ። ሙቀት የምንለው ያንኑ መንቀጥቀጥ ነው። ኮረንቲው ሲበዛ መላተሙም ይበዛል፣ ግለቱም ይብሳል። ከአቅሙ በላይ ከጋለ ደንደን ባለ ሬዚስተር ትተኪዋለሽ፣ በሽቦ ግን አይደለም። ሽቦ ብታደርጊበት ግፊቱን የሚያበርድለት አጥቶ ያ ሁሉ ኮረንቲ ከፊት ያለችው ትንሽ አምፖል ላይ ይወርድባታል፤ አለቀላት።

ያ ሰው መዳፉ እስከ ዕለተ ሞቱ በደንብ አልታጠፈለትም። ሲያዝኑለት ይቆጣ ነበር። ገበታ ሲቀርብ ያን የተላጠ እጁን ዘርግቶ «ሐዘናችሁ ይቅርብኝ፤ ወንድሜን ጥሩልኝና እጄን ያስታጥበኝ» ይላቸው ነበር።

ሬዚስተሩም እንደዚያ ሰው ነው፤ የጋለው እየያዘ ስለሆነ ነው። እና አንቺ ልጅ፣ የጋለ ነገር ነክተሽ ከመንቀልሽ በፊት ማንን ይዞ እንደሆነ ጠይቂ።