መጥበሻ ሻጩ ያለፈበት በር

ደሴ ቧንቧ ውሃ፣ እኛ ሠፈር፣ እንግዳ ሊሰናበት ሲነሣ በሩን ቆልፈው «ራት ሳትበላ ንቅንቅ የለም» ሲሉትና ሰውየው ሲቆጣ፣ አንዱ ጣል የሚያደርጋት አባባል አለች። እንግዳው ይስቅና ተመልሶ ይቀመጣል። ብዙ ሰው ከአባቶች የወረደች ትመስለዋለች። አባቶች ሰምተዋትም አያውቁ! የመጣችው ከቻይና ነው፤ ያመጣናትም እኔና ባለቤቴ ነን። ዛሬ ከሁሉ አብልጠው የሚጠቅሷት አማቴ ጋሽ ደምሰው ናቸው፤ ለምን እንደሆነ ታሪኩ ራሱ ይነግራችኋል።

ባለቤቴ ይርዳው የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ሳንጋባ በፊት ለትምህርት ቻይና ሄዶ ሳለ፣ ዶንግ የሚባሉ ሰዎች በሚኖሩባት ሎንግታን በምትባል የተራራ መንደር አንድ ዓመት ልጆች አስተምሯል። ያቺን አንድ ዓመት እኔ ስንት ዓመት ሰማኋት! ወጥ ስሠራ ሎንግታን፣ ልብስ ሳጥብ ሎንግታን። ጋሽ ደምሰው ግን ነገሩን ከመጀመሪያውም አልወደዱትም። «የሰው አገር ልጅ አስተምረህ ማን ያስታውስሃል? ዓመትህን ወንዝ ውስጥ ጣልካት» ይሉት ነበር። ይርዳው አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ነገሩ እንደ እሾህ ተሰክቶበት መቅረቱን የማውቀው እኔ ነኝ።

ለአጭር ሥልጠና እንደገና ወደ ቻይና ሲጠሩት «አንቺም ነይ፤ ሎንግታንን በዓይንሽ እይ» አለኝ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ግብዣ ሁለት ጊዜ አያስለምነኝም። እንደምንመጣ ለዪንኋ ነገራት። ዪንኋ ያኔ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ሚጢጢ ተማሪው ነበረች፤ አሁን እዚያው ትምህርት ቤት መምህርት ሆናለች።

አውቶቡሱ ከተራራው ሥር አወረደን። ይርዳው ሻንጣውን ተሸክሞ ሽቅብ ይሮጣል፤ እኔ ከኋላ አለከልካለሁ። «አሁን ታያለሽ፤ ሮጠው ነው የሚያቅፉኝ» ይላል። አንድ መጥበሻና ድስት ሻጭ ዕቃውን በሞተር ብስክሌት ጭኖ እያንቋቋ አልፎን ሄደ።

የመንደሩ የእንጨት በር ጋ ሕዝቡ ግጥም ብሏል። ሴቶቹ የብር ጌጥ ደፍተዋል። በሩ ግን ተዘግቷል፤ አግዳሚ ወንበር በወንበር ላይ፣ ቀርከሃ፣ የጥጥ መፍተያ፣ የዶሮ ቅርጫት ከነዶሮው። መጥበሻ ሻጩ ሲደርስ ወንበሮቹን ገለል አደረጉለትና ገባ። ቀና ብሎ ያየው እንኳ የለም። እኛ ስንደርስ መልሰው ገጠሙት!

አንዲት ወጣት ወደ ፊት ወጥታ በቋንቋቸው ዘፈነች፤ የቀሩት ተቀበሏት። ሲያበቁ ያንኑ በቻይንኛ ተናገረችው። የይርዳው ፊት ዐመድ መሰለ።

«ምን አለች?» አልኩት።

«‹ማን ነህ? ከየት መጣህ? እኛ ዘንድስ ምን ትተህ ሄደህ ነበር?› አለችኝ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ትርንጎ፣ ይቺ እኮ ዪንኋ ናት» አለኝ።

ያስቀመጠውን ሻንጣ አነሣ። «መጀመሪያ ስመጣ ማንም ሳያውቀኝ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ዛሬ መጥበሻ ሻጭ ገብቶ እኔ ‹ማን ነህ› ልባል? አባባ እውነታቸውን ነው። ነይ እንሂድ!»

እኔ አንዲት ቃል ቻይንኛ አላውቅም። የሰዎቹን ፊት ግን አየሁ። አሮጊቶቹ አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ፤ ዪንኋ ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነክሳለች። ይህን ፊት የት ነው የማውቀው ስል ትዝ አለኝ። ሠርጌ ቀን! እህቶቼ በር ዘግተው ሙሽራውን ሲያስለምኑት የነበራቸው ፊት ነው።

«አንተ ሰውዬ! እህቶቼ በር ላይ ያቆሙህ ጊዜ ሻንጣህን አንሥተህ ሄደህ ነበር?»

«ያ ሌላ ነው፤ ያ ሠርግ ነው።»

«ይሄስ ምን ይመስልሃል? ለመሆኑ እዚህ አንድ በዓል እንኳ አክብረሃል?»

ቆም አለ። «በበዓል በበዓሉ ወደ ከተማ ነበር የምወርደው» አለ።

«እንግዲያ እንግዳ እንዴት እንደሚቀበሉ በምን ታውቃለህ? ተመለስና ዝፈንላቸው!»

«መዝፈን የት እችላለሁ?»

እውነቱን ነው፤ ይርዳው ሲያንጎራጉር ጎረቤት መስኮት ይዘጋል። «ታዲያ የምትችለውን አድርግ» አልኩት።

ሄዶ በሩ ፊት ቆመ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። የሚችለው አንድ ነገር ነበር። ጠዋት ጠዋት ክፍል ገብቶ ያደርገው እንደነበረው የተማሪዎቹን ስም በቃሉ መጥራት ጀመረ፤ ዜማ ቢጤም ጨመረበት።

«ዉ ዪንኋ!»

«አቤት!»

ጆሮዬን አላመንኩም። አቤት! ለካስ ስማቸው ሲጠራ እንዲያ እንዲሉ አስተምሯቸው ኖሯል። ያን ሁሉ ሲያወራልኝ ይቺን ሳይነግረኝ!

«ያንግ ጓንግሚንግ!»

«አቤት!» አለ ሕፃን የታቀፈ ጎልማሳ። አቤት በተባለ ቁጥር ከበሩ ላይ አንድ ዕቃ ይነሣል።

«ሺ ላንዪንግ!»

ዝም። ይርዳው ደገመው። ያን ጊዜ ከኋላ አንዲት ባልቴት እጃቸውን አወጡና «አቤት!» አሉ። የላንዪንግ እናት ናቸው። ልጃቸው ሩቅ ከተማ ፋብሪካ ገብታለች፤ እሳቸው ቃሉን ከእሷ ሰምተው ይዘውት ኖሯል።

እኔ እዚያ ዳገት ላይ ቆሜ በባሌ ኮራሁ። እንባዬ በጉንጬ እየወረደ ኮራሁ። ስልኬን አውጥቼም ቀረጽኩት፤ ይህን ጋሽ ደምሰው ካልሰሙ ማን ሊሰማ ነው!

የዶሮው ቅርጫት መጨረሻ ተነሣ። የመንደሩ ሽማግሌ፣ አዛውንቱ ዉ፣ የሩዝ ጠላ በቀንድ ዋንጫ ይዘው መጡና ራሳቸው አጠጡት። ይርዳው ጠጥቶም ቅሬታው አልወጣለትም።

«አባቴ፣ መጥበሻ ሻጩን አሳልፋችሁ እኔን ማቆማችሁ ስለ ምን ነው?» አላቸው።

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ይርዳው የመለሱለትን ቃል በቃል ተረጎመልኝ።

«እሱን ምን ብለን እናቆመዋለን? መጀመሪያ ስትመጣ አንተንም ዝም ብለን ነው ያሳለፍንህ፤ አናውቅህም ነበራ! ልጄ፣ መንገደኛ ያልፋል፣ ወዳጅ ይታገዳል።»